የሌላ ሰው ጥይት

ባለሱቁ ዶይል መደርደሪያው ሥር ተንበርክኮ ካርቶን ሲያገላብጥ ቆየና ጉልበቱን እያራገፈ ተነሣ።

«የለም፣ እትዬ ማርሊስ። አምና የመጣችው ፓኮ የመጨረሻዋ ነበረች፤ እሷንም አንድ ከሚዙላ ከተማ የመጣ ሰውዬ አፈፍ አደረጋት። ፋብሪካዎቹ ለዚህ ጠመንጃ ጥይት መሥራት ትተዋል ማለት ይቻላል።»

«ማለት ይቻላል ነው ወይስ ትተዋል?»

«ለአደን መክፈቻ የሚደርስ የለም። ይሄ እርግጥ ነው።»

ማርሊስ ጓንቷን አውልቃ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችና አሰበች። ጠመንጃው የአባቷ የአይናር ነበር። አይናር ከውትድርና ተመልሶ ከገዛው ጀምሮ፣ የአጋዘን አደን በሚከፈትበት ዕለት ያ ጠመንጃ ከቤት ቀርቶ አያውቅም። አባቷ ጉልበቱ ሲከዳው ለእሷ ሰጣት፤ እሱ ከሞተ በኋላም ሁለት ጊዜ ይዛው ተራራ ወጥታለች። አሁን ከጥይቱ ፓኮ ውስጥ የቀሩት ሦስት ናቸው። በሦስት ጥይት ደግሞ እንኳን ማደን፣ ጠመንጃው አቅጣጫውን አለመሳቱን መሞከር አይቻልም። እንዲህ ከሆነ ዘንድሮ ግድግዳ ላይ ሊውል ነው።

«እንግዲያው ለእሱ የሚሆነውን የቀለህ ቅርጽ ማውጫ አውርድልኝ። አረርም፣ ባሩድም።»

«ባልሽ ሊሞላልሽ ነው?»

«ኦዴልን ምን አገባው? እኔው ነኝ የምሞላው።»

ዶይል አገጩን አከከ። «ነገሩ እኮ ጥንቃቄ…»

«ዶይል፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ጥርስህን አጽድቻለሁ። አንድ ቀን ድዴን ወጋሽኝ ብለህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው አረሩን አውርድ። የጥርስ ክሩንም መጠቀም ጀምር፤ ከዚህ ሆኜ ይታየኛል።»

ዶይል አፉን ገጥሞ አወረደ።

በዚያ ሸለቆ ሰው ትራክተሩን ያውሳል፤ መኪናውን ያውሳል፤ ግፋ ቢልም የአደን ውሻውን ያውሳል። ሌላ ሰው ቤቱ ተቀምጦ የሞላውን ጥይት ግን አይተኩስም። ቂም ወይም ንቀት አይደለም፤ ማንም ቅር አይሰኝበትም። ጥይቱ ሲተኮስ ፊትህ ከጠመንጃው አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ነው፤ ስለዚህ ውስጡ ያለውን ባሩድ በገዛ ዓይንህ ማየት አለብህ። የኦዴል ታላቅ ወንድም ሮአልድ ለገና ስጦታ ብሎ አንድ ፓኮ ሙሉ ሞልቶ ልኮለት ነበር። ኦዴል ደውሎ አመሰገነ፤ ከዚያም ጥይቱን ጋራዡ መደርደሪያ ላይ ከዋንጫዎቹ መካከል አስቀመጠው። እስከ ዛሬ እዚያው ነው፤ ማርሊስ አቧራ ስትጠርግ እሱንም ትጠርገዋለች። ሮአልድም መጥቶ አይቶታል፤ «በደንብ ይዘኸዋል» ብሎ አለፈ።

ባልና ሚስት ግን ከዚህ ሕግ ውጭ ናቸው። ማርሊስ በትንሿ ጠመንጃዋ ኦዴል የሞላውን ስትተኩስ ነው የኖረችው።

ማታ ራት ላይ ነገረችው። ኦዴል ሹካውን እንደያዘ ቀረ።

«እኔ እሞላልሽ የለም እንዴ?»

«ትሞላልኛለህ።»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጥይቴ ከድቶሽ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ታዲያ ምን ተገኘ?»

«ምንም አልተገኘም። ያባቴን ጠመንጃ በገዛ እጄ ላብላው ብዬ ነው።»

ኦዴል ሥጋውን ረዘም ላለ ጊዜ አኘከ። ቅር እንዳለው አወቀች፤ ቅር ሲለው እንዲህ ነው የሚያኝከው። በመጨረሻ ዋጠና «ነገ ጠዋት» አለ። «ሬዲዮ አይከፈትም። ጠረጴዛው ላይ ቡና አይቀመጥም። ባሩድ ሲሰፈር ወሬ የለም።»

«የመጨረሻው ሕግ ለኔ ነው ወይስ ለአንተ?»

«ለሁለታችንም ነው» አለና ሳቁ አመለጠው።

በማግስቱ ጋራዡ ውስጥ ማሞቂያውን ለኩሶ ጠበቃት። ጠረጴዛው ከወፍራም ሳንቃ የተሠራ ነው፤ ጫፉ ላይ መጭመቂያው በብሎን ታስሯል፤ ሁለት ጎረምሳ ቢጎትተው አይነቃነቅም። ማርሊስ ባዶ ቀለሆቹን ይዛ መጣች። አባቷ የተኮሰውን ቀለህ የመጣል ልማድ ስላልነበረው የቡና ጣሳ ሙሉ አጠራቅሞ ነበር። እነዚህን ማታውኑ በተፈጨ የዋልነት ለውዝ ቅርፊት ውስጥ አሽከርክረው አጽድተዋቸው ስለነበር እንደ አዲስ ሳንቲም ያብረቀርቃሉ።

«ቀለህ ሲተኮስ ያብጣል» አለ ኦዴል። «መጀመሪያ ወደ ልኩ እንመልሰዋለን። ቅባት ትቀቢዋለሽ፤ ከዚያ እጀታውን ወደ ታች። ቅባቱን አታብዢ፤ ሰውነቱ ይሰረጎዳል። ደግሞ አታሳንሺ፤ ይቀረቀራል።»

«ምን ያህል ነው ታዲያ?»

«ልክ ልኩን ነዋ።»

«እንዲህ ነው ለአባቴ የፍራፍሬ ፓይ አጋገር ያስተማርከው?»

«አባትሽ እኮ አልቻለበትም።»

ማርሊስ ቅባቱን አሳነሰችው። አራተኛው ቀለህ ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ገብቶ እንቢ አለ። እጀታውን ብትጫነው አይወርድ፣ ብታነሣው አይወጣ። ኦዴል ምንም አላለም። መሣቢያውን ከፍቶ መሰርሰሪያና አንድ ብሎን አወጣ፤ የቀለሁን ሥር በስቶ ብሎኑን አሰረበትና በቁልፍ እየጠመዘዘ ጎትቶ አወጣው። መሣሪያዎቹ አንድ ላይ በጨርቅ ተጠቅልለው መቀመጣቸውን ማርሊስ አየች።

«ለዚሁ ያዘጋጀኸው ነው?»

«በየዓመቱ አንድ ጊዜ ያስፈልገኛል።»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ እየሞላህ?»

«ወሬ የለም ብያለሁ» አለ ኦዴል።

«የባሩዱ ሰዓት ገና ነው።»

ከዚያ በኋላ እጇ ለመደ። ቅባቱን በጣቷ ጫፍ እንደ ከንፈር ቅባት በስሱ ማዳረስ ነበር ነገሩ። ቁመታቸው ከልኩ ያለፉትን ቀለሆች አሳጠረች፤ አፋቸውን ከውስጥና ከውጭ ፋቀች። ቀጥሎ ከቀለሁ ሥር የምትገባዋን ትንሽ ቆብ፣ የጠመንጃው መርፌ ሲመታት እሳት የምትተፋውን፣ አንድ በአንድ አስገባች። ይህን ሥራ ከሁሉ ወደደችው። ቆቧ ቦታዋን ስትይዝ እጀታው ላይ ለስላሳ ግፊት ይሰማታል፤ ከዚያ ቆም። ጥርስ ሲሞላ እንዲሁ ነው፤ ሙሌቱ ቦታውን ሲይዝ እጅ ያውቀዋል። እያንዳንዱን በጣቷ ዳሰሰች፤ ወጣ ያለ አልነበረም። ኦዴልም ኋላዋ ቆሞ በጣቱ ዳሰሰ፤ ዳሰሰና በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። በዓይኑ እንዳላያቸው ግን ልብ አለች።

ይህን ልብ ስትል የመጀመሪያዋ አልነበረም። ከሰኔ ወዲህ የምግብ ቤት ዝርዝር ሲያነብ ክንዱ እስኪያልቅ ድረስ ዘርግቶ ነው የሚይዘው። ሩቅ እንደ ንስር ያያል፤ ወንዙ ማዶ ያለውን አጋዘን ወንድ ይሁን ሴት ከወጥ ቤቱ መስኮት ሆኖ ይለያል። ቅርቡ ነው የጠፋበት። «የዘንድሮ ጽሑፍ አነሰ» ይላል ሲጠየቅ። ማርሊስም አልገፋችበትም።

ከምሳ በኋላ የባሩዱ ሰዓት ደረሰ። የባሩድ መስፈሪያው ከጠረጴዛው ጫፍ ተሰቅሏል፤ ላይኛው ክፍሉ በውስጡ ያለውን የሚያሳይ ረጅም የፕላስቲክ ቱቦ ነው። እስከ ወገቡ ባሩድ ነበረበት። ማርሊስ ከዶይል የገዛችውን ጣሳ ይዛ ቆመች።

«ይሄ ውስጡ ያለው ምንድን ነው?»

«ያው የገዛሽው ነው። ያንኑ ዓይነት ነው እኔም የምጠቀመው። ባለፈው ሳምንት የራሴን የሞላሁት ከሱ ነው።»

«ጣሳው የታለ?»

«አልቆ ጣልኩት። ጨምሪበትና እንቀጥል።»

ማርሊስ ጣሳዋን አልከፈተችም። ጠዋት እሱ ራሱ ሲነግራት የሰማችው ነው፦ ጠረጴዛ ላይ አንድ የባሩድ ጣሳ ብቻ፤ ሲጨርሱ መስፈሪያው ውስጥ የተረፈው ወዲያው ወደ ጣሳው ይመለሳል፤ ስሙ ያልተጻፈበት ባሩድ ባሩድ አይደለም።

«ስሙ አልተጻፈበትም እኮ» አለች።

«እኔ ነገርኩሽ አይደል?»

«ነገርከኝ።»

«ታዲያ የኔ ቃልና የጣሳው ወረቀት ምን ለያቸው?»

ማርሊስ ወደ ወጥ ቤት ገብታ ሁለት ነጭ የስኒ ማስቀመጫዎች ይዛ ተመለሰች። ባንዱ ላይ ከመስፈሪያው፣ በሌላው ላይ ከአዲሱ ጣሳ ቆንጥራ አደረገች። ከዚያ ከቦርሳዋ የድሮ የሥራ መነጽሯን አወጣች፤ በሁለቱ መስተዋት ላይ ትናንሽ አጉሊ ቱቦዎች የተተከሉበት፣ ግንባሩ ላይ መብራት ያለው ነው። ጎንበስ አለች።

ኦዴል እጁን አጣምሮ ቆመ። «ምን ሆነ፣ ጥርሱ ተቦርቡሯል?»

ማርሊስ አተኩራ አየች። ከአዲሱ ጣሳ የወጣው ረዘም ረዘም ያለ፣ እንደ ተቆራረጠ የእርሳስ ጫፍ ነው፤ ሁሉም እኩል። ከመስፈሪያው የወጣውም ባመዛኙ ያንኑ ይመስላል። በመካከሉ ግን ሌሎች ነበሩ፤ አጫጭር፣ ቀጫጭን፣ ቀለማቸው ፈዘዝ ያለ። አንድ ሁለት ብቻ ቢሆኑ ተሰብረው ነው ትል ነበር። ብዙ ናቸው።

«ና እየው» አለችው።

ኦዴል ከመስፈሪያው የተቀዳበትን ሳህን አንሥቶ ወደ መስኮቱ ሄደ። አቀረበው። አራቀው። ክንዱ አለቀ።

«አንድ ነው» አለ።

ማርሊስ መነጽሩን አውልቃ ዘረጋችለት። ለመቀበል አመነታ፤ በኋላ ግን ተቀብሎ አደረገው። መብራቱ ግንባሩ ላይ በርቶ ጎንበስ አለ። ከዚያ ቀና ሳይል እንዲያው ቀረ።

«ፍልፈል» አለ በመጨረሻ።

«ምን?»

«በጸደይ። ሳር ማሳው ላይ ለፍልፈሎቹ የምተኩሰውን ሞላሁ፣ ለትንሿ ጠመንጃ። ያ ባሩድ አጭር ነው፣ ፈጣን። ሮአልድ ደወለ፣ ወጣሁ፣ የተረፈውን ወደ ጣሳው አልመለስኩትም።» መነጽሩን ገና አላወለቀም። «ባለፈው ሳምንት ደግሞ በላዩ ላይ የአጋዘኑን ጨመርኩበት። አይቼ ነበር። አንድ መሰለኝ።»

ሁለቱም ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ። ፈጣኑ ባሩድ በትልቅ ቀለህ ውስጥ ሲነድ፣ ጠመንጃው የማይችለው ግፊት ይፈጥራል። የሚፈነዳው ደግሞ ከተኳሹ ጉንጭ አጠገብ ነው። ኦዴል ለመክፈቻው የሞላቸው ሁለት ፓኮ ጥይቶች ከሮአልድ ስጦታ ጎን በሥርዓት ተቀምጠዋል።

ኦዴል የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠ። ግንባሩ ላይ መብራቱ እንደበራ ነው።

«አጥፋው፤ ዓይኔን ወጋኝ» አለችው።

«የቱ ጋ ነው የሚጠፋው?»

«በስተግራ።»

አጠፋው። «ጽሑፉ አይደለም ያነሰው» አለ፣ ወለሉን እያየ።

«አይደለም።»

«ታውቂ ነበር።»

«ከሰኔ ጀምሮ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬህ ቢሆን ትሰማኝ ነበር?»

አሰበበት። «አልሰማሽም ነበር» አለ።

ከሰዓት በኋላው እንዲህ አለቀ፦ ኦዴል አረር ማውጫውን አነሣ። መዶሻ የመሰለ የፕላስቲክ ነገር ነው፤ ጥይቱን ጭንቅላቱ ውስጥ አስገብተው ግንድ ላይ ሲመቱት አረሩና ባሩዱ ከቀለሁ ወጥተው ውስጡ ይቀራሉ። በሳምንት የሠራውን ሁሉ ባንድ ቁጭታ ማፍረስ ነበረበት። ሲደክመው እሷ ትቀበለዋለች፤ ሲደክማት እሱ። ጎረቤቱ በአጥሩ ላይ አንገቱን አሰግጎ «ምን እየገነባችሁ ነው?» ብሎ ጮኸ።

«የውሻ ቤት» አለ ኦዴል።

«ውሻ የላችሁም እኮ።»

«ለዚህ ነው ያልተቸኮልነው።»

ጎረቤቱ ሲሄድ ወደ እሷ ዞር አለ። «ዶይል እንዳይሰማ።»

«ምኑን?»

«ይሄን ሁሉ።»

«ክር መጠቀሙን እስካረጋግጥ ድረስ አልነግረውም» አለች፤ እሱም ከእኩለ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

ከቀለሆቹ የወጣውንና መስፈሪያው ውስጥ የቀረውን ባሩድ በባልዲ ሰብስቦ ወደ ጓሮ ወጣ። የዚያ አገር ሰው ስሙ የጠፋበትን ባሩድ የአትክልት ቦታ ላይ ነው የሚበትነው፤ ለመሬቱ ማዳበሪያ ይሆናል። ኦዴል ከአጥሩ ሥር ባለው፣ ፓይ በሚሠራበት የሩባርብ ተክል መደብ ላይ እንደ ዘር በተነውና በእግሩ አፈር መለሰበት። «በሚመጣው ዓመት ፓይሽ ይተኩሳል» አለ ሲመለስ።

መስፈሪያውን ፈታተው በደረቅ ጨርቅ ጠረጉ፤ ማርሊስ በትንሿ የጥርስ ማያ መስተዋቷ ውስጡን ካየች በኋላ ነው የተገጠመው። ከዚያ አዲሱን ጣሳ ከፈተች። ኦዴል መመሪያ መጽሐፉ ላይ ያለውን ልክ እንድታነብለት ጠየቃት፤ ሁለት ጊዜ አነበበችለት። ከትንሹ ልክ ጀመሩ። ሚዛኑ ላይ መዘኑ፤ መስፈሪያውን አስተካከሉ፤ እንደገና መዘኑ። ከዚያ ቀለሆቹን ቀዳዳ ባለው ጣውላ ላይ ደርድራ አንድ በአንድ ሰፈረችባቸው። እሱ ኋላዋ ቆሞ ትንፋሹን እንኳ ዋጠ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ዝም ሲል ሰምታው አታውቅም።

ሰፍራ ስትጨርስ ወዲያው አረር አልከደነችም። የጥርስ መስተዋቷን ይዛ፣ መብራቷን አብርታ፣ የያንዳንዱን ቀለህ ውስጥ አየች። ባሩዱ በሁሉም ውስጥ እኩል ቁመት ላይ ነው። ከሁለተኛው ረድፍ አንዱ ትንሽ ዝቅ ያለ መሰላትና ደፍታ መዘነችው፤ ትክክል ነበር። መልሳ ሞላችው።

«መስተዋቱ ግን አያስፈልግም፤ መብራቱ ይበቃል» አለ ኦዴል በሹክሹክታ።

«ያስፈልገኛል።»

«ደስ ካለሽ።»

በማግስቱ ከተማው ዳር ያለው የተተወ የጠጠር ጉድጓድ ሄዱ። ማርሊስ የአባቷን ጠመንጃ አነሣች። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚያስተምር ሰው ራቅ ብሎ ነው የሚቆመው። ኦዴል ከክንዷ ሳይርቅ አጠገቧ ቆመ። ጆሮ መሸፈኛውን ሲያስተካክል አየችው እንጂ ወደ ኋላ አላለም።

ተኮሰች። ጠመንጃው እንደ ወትሮው ትከሻዋን ገፋት። ከዚህ ሌላ ምንም አልሆነም። ኦዴል የወጣውን ቀለህ ከጠጠሩ ላይ አንሥቶ ሥሩን በጥፍሩ ዳሰሰ፤ ከዚያ ከደረት ኪሱ አንድ ነገር አወጣ። ከፋርማሲ የተገዛ ርካሽ የንባብ መነጽር ነበር፤ የዋጋው ወረቀት ገና አልተላጠም። አደረገና ቀለሁን አየው።

«ንጹሕ ነው» አለ።

«መነጽሩን መቼ ገዛኸው?»

«ጠዋት ዳቦ ልግዛ ብዬ ስወጣ።»

«ዳቦውስ?»

ኦዴል ወደ መኪናው ተመለከተ። «ዳቦው ተረሳ» አለ።

ጥቂት ደጋግማ ተኮሰች፤ ጥይቶቹ የዒላማው ወረቀት ላይ ተቀራርበው ነው ያረፉት፤ በመዳፍ ይሸፈናሉ። የአይናር ጠመንጃ ዘንድሮም ተራራ ይወጣል። ማርሊስ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ፤ ቀለሆቿን ወደ ቡና ጣሳው ለቀመች። ባዶውን መጣል የአባቷም ልማድ አልነበረም።

ወደ ቤት ሲመለሱ ኦዴል መንገዱን እያየ «የኔ ቀለሆች ባዶ ናቸው» አለ።

«መክፈቻው ከነገ ወዲያ ነው። ነገ ትሞላለህ።»

«መነጽሩን ገና አልለመድኩትም። ሲያዞረኝ ነው የዋለው።» ትንሽ ነድቶ ቀጠለ። «አንቺ ሙዪልኝ።»

ማርሊስ ወደ እሱ ዞረች። ሮአልድ የገዛ ወንድሙ ነው፤ ጥይቱ ዋንጫ መካከል ተቀምጦ ነው ያረጀው።

«የሰው ጥይት እኮ አትተኩስም» አለች።

«አንቺ ሰው ነሽ እንዴ?»

«ምንድን ነኝ ታዲያ?»

«ውስጡን ያየሽ ነሽ» አለና መኪናውን ወደ ግቢው አስገባ።

መክፈቻው ቀን ጎሕ ሲቀድ ከጫካው ጫፍ፣ የወደቀ ግንድ አጠገብ ተቀመጡ። ውርጩ ሳሩ ላይ ነጭ ሆኖ ተዘርግቷል። የአባቷ ጠመንጃ ማርሊስ ጭን ላይ ነው። ኦዴል ከኪሱ አንድ ጥይት አወጣና መነጽሩን አድርጎ ዞር ዞር አድርጎ አየው፤ ምንም የሚታይ ነገር አልነበረም፣ ሁሉም የሚሞላው በውስጥ ነው።

«ይሄንን አይተሽዋል?» አለ።

«ሁሉንም አይቻለሁ።»

«በመስተዋቱ?»

«በመስተዋቱ።»

ጥይቱን አጎረሰና መቀርቀሪያውን ዘጋ። መነጽሩን አውልቆ ኪሱ ከተተ፤ ሸለቆውን ማዶ በባዶ ዓይኑ ቃኘ።

«ከዝግባዎቹ በታች ሦስት ሴት አጋዘኖች» አለ። «ወንዱ ከኋላቸው ነው፤ ቀንዱ ብቻ ይታያል። ያንቺ ነው፤ ቀስ ብለሽ።»

ማርሊስ አጮልቃ ብታይ ምንም አልታያትም። ጠመንጃዋን አንሥታ እሱ ወደሚያሳያት አቅጣጫ አዞረች፤ እስኪታያት ድረስም ጠበቀች።